ከመንደር ማኅበር እስከ ምክር ቤት፤ የአግነስ ማክፌይል ሕይወትና ሥራ

አንድ አዲስ የፖለቲካ ፓርቲ ሲቋቋም ብዙውን ጊዜ የሚወሳው የመሪዎቹ ስም፣ የፕሮግራሙ ይዘትና በምርጫ ያገኘው የድምፅ ብዛት ነው። ፓርቲው ስም ከማውጣቱ በፊት በየገጠሩ አዳራሽ ተሰብስበው የእህልና የወተት ዋጋ ሲያሰሉ፣ መዋጮ ሲሰበስቡና ቃለ ጉባኤ ሲጽፉ የኖሩት ሰዎች እምብዛም አይነሡም። ይሁንና ፓርቲ ሰውን የሚያወጣው ከእንደነዚህ ያሉ አዳራሾች ነው። በ1921 በ31 ዓመት ዕድሜዋ የካናዳ የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል የሆነችው፣ ከ22 ዓመት በኋላም ወደ ኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ምክር ቤት ከገቡት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሴቶች አንዷ የነበረችው አግነስ ማክፌይል የመጣችው ከዚያ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የአንዲትን ሴት የቀዳሚነት ማዕረግ ማወደስ አይደለም። ቀዳሚ መሆን አንድ ቀን የሚፈጸም ነገር ነው፤ በማግሥቱ ሥራ ይከተላል። ስለዚህም ሁለት ጥያቄዎችን ይዘን እንነሣለን። የመጀመሪያው፣ ሀብትም ሆነ የታወቀ ቤተሰብ ያልነበራት የገጠር አስተማሪ እንዴት እዚያ ልትደርስ ቻለች የሚል ነው። ሁለተኛው፣ የደረሰችበትን ቦታ ለምን አዋለችው የሚል ነው። የማኅበራችን አባላት በሙያቸውም ሆነ በማኅበር ሥራቸው ከሁለቱ ጥያቄዎች መልስ የሚያገኙት ቁም ነገር ይኖራል ብለን እናምናለን። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደትና አስተዳደግ

አግነስ ማክፌይል መጋቢት 24 ቀን 1890 በደቡባዊ ኦንታሪዮ፣ በግሬይ አውራጃ፣ ፕሮቶን በተባለ ወረዳ በግንድ በተሠራ ቤት ውስጥ ተወለደች። ወላጆቿ የስኮትላንድ ተወላጆች ዘር የሆኑ ገበሬዎች ሲሆኑ፣ ከሦስት ሴቶች ልጆቻቸው እሷ የመጀመሪያዋ ነበረች። አባቷ ከእርሻው ሥራ ሌላ በጨረታ አጫራችነት ይታወቅ ነበር። በሰው ፊት ቆሞ መናገርን፣ ተጫራቹን እያሳቁ ማግባባትንና ለጠያቂ ፈጥኖ መልስ መስጠትን ከእሱ እንደወረሰች የሚያውቋት ሁሉ ይስማማሉ።

በዚያ ዘመን በገጠር የምትኖር ልጃገረድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርቷን ከጨረሰች በኋላ የሚጠብቃት የቤትና የእርሻ ሥራ ነበር። የአግነስም ዕድል መጀመሪያ ከዚህ የተለየ አልሆነም። ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለመግባት ብትለምንም፣ ቤተሰቡ ገንዘብም ጉልበትም ያስፈልገው ስለነበር ጥቂት ጊዜ በእርሻው ላይ ቆየች። በመጨረሻ ግን ፈቃዱን አግኝታ በኦወን ሳውንድ ከተማ ተማረች፤ ከዚያም ስትራትፎርድ ከሚገኘው የመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት በ1910 ተመረቀች።

ከዚህ በኋላ ወደ አሥር ዓመት የሚጠጋ ጊዜ በገጠር ትምህርት ቤቶች አስተማሪነት አሳለፈች። በአንድ ክፍል ውስጥ የልዩ ልዩ ደረጃ ልጆችን በአንድነት ማስተማር የተለመደ ነበር። አስተማሪዋም በመንደሩ ሰው ቤት ስለምታድር የአካባቢውን ኑሮ ከጓዳው ጀምሮ ታውቃለች። አግነስ በኪንሎስ ስታስተምር ያረፈችው ሱቅ ባለው ቤተሰብ ዘንድ ነበር። ማታ ማታ ገበሬዎች በሱቁ ተሰብስበው ስለ ቀረጥ፣ ስለ ባቡር ጭነት ዋጋና ስለ መንግሥት ሲከራከሩ ትሰማ ነበር፤ ውሎ አድሮም ክርክሩ ውስጥ ገባች። የፖለቲካ ትምህርቷን የጀመረችው በዚያ ሱቅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ገበሬው ለምን ተነሣ

በወቅቱ የካናዳ ፖለቲካ በሁለት አሮጌ ፓርቲዎች፣ በሊበራልና በኮንሰርቫቲቭ፣ እጅ ነበር። አንዱ ሲወርድ ሌላው ይወጣል። ገበሬው ግን ከሁለቱም ያገኘው ጥቅም አልታየውም። ያመረተውን የሚሸጠው በዓለም ገበያ ዋጋ ሲሆን፣ ማረሻውንና ማጨጃውን የሚገዛው የአገር ውስጥ ፋብሪካዎችን ለመጠበቅ በተጣለ ከፍተኛ ቀረጥ በተወደደ ዋጋ ነበር። ወጣቶችም እርሻውን እየተዉ ወደ ቶሮንቶና ወደ ሌሎች ከተሞች ይጎርፉ ነበር። ቤተሰቡ ሲፈርስ ትምህርት ቤቱና ቤተ ክርስቲያኑም ይራቆታሉ።

በዚህ ምክንያት የተባበሩት የኦንታሪዮ ገበሬዎች የተባለው ማኅበር በ1914 ተቋቋመ። ከጎኑም የኅብረት ሥራ ኩባንያ ተመሠረተ። ማኅበሩ ሲጀመር ፓርቲ አልነበረም። አባላቱ ዘርና መሣሪያ በጅምላ ገዝተው ይከፋፈሉ፣ ምርታቸውን በአንድነት ይሸጡ ነበር። በየመንደሩ የተቋቋሙት ክበቦች የራሳቸው ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ነበራቸው። ከዚያ በፊት በአደባባይ ተናግሮ የማያውቅ ገበሬ ሪፖርት ማቅረብን፣ የተቃዋሚን ሐሳብ በትዕግሥት መስማትንና በድምፅ ብልጫ መገዛትን የተማረው በእነዚህ ክበቦች ነው።

ማኅበሩን ወደ ፖለቲካ የገፋው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ነበር። መንግሥት የግዴታ ውትድርናን ሲያውጅ ከ1917ቱ ምርጫ በፊት ለገበሬ ልጆች ምሕረት እንደሚያደርግ ቃል ገብቶ ነበር። በ1918 የፀደይ ወራት ግን ጦርነቱ ስለከበደ ያንን ቃል ሠረዘው። በግንቦት ወር ወደ 5,000 የሚጠጉ ገበሬዎች አቤቱታቸውን ይዘው ወደ ዋና ከተማው ወደ ኦታዋ ተጓዙ፤ የጠየቁት ሳይፈጸምላቸውም ተመለሱ። አዝመራውን የሚሰበስብለት ልጅ የተወሰደበት ገበሬ ከዚያ በኋላ አሮጌዎቹን ፓርቲዎች የሚያምንበት ምክንያት አልቀረውም።

ውጤቱ በጥቅምት 1919 በተደረገው የክፍለ ሀገሩ ምርጫ ታየ። ገበሬዎቹ ከ111 መቀመጫዎች ከ40 በላይ አግኝተው በምክር ቤቱ ትልቁ ቡድን ሆኑ። አሸናፊዎቹ ራሳቸው ያልጠበቁት ድል ስለነበር የሚሾሙት መሪ እንኳ አላዘጋጁም ነበር። የማኅበሩ ጸሐፊ ጄ. ጄ. ሞሪሰን ሥልጣኑን አልቀበልም ስላለ፣ ለምክር ቤት እንኳ ያልተወዳደረው ገበሬ ኢ. ሲ. ድሩሪ ተጠርቶ ከሠራተኞች ተወካዮች ጋር በመተባበር መንግሥት አቋቋመ።

የወጣቷ አስተማሪ አነሣሥ

አግነስ በዚህ ጊዜ ከቶሮንቶ በስተሰሜን ሻሮን በተባለ መንደር ታስተምር ነበር። የገበሬዎቹን ማኅበርና የሴቶቹን ክንፍ ተቀላቀለች፤ ክበቦችን በማደራጀት ሥራ ተሰማራች፤ የማኅበሩ ልሳን በነበረው በ«የገበሬዎች ፀሐይ» ጋዜጣም መጻፍ ጀመረች። ንግግሯ ከሕዝቡ ኑሮ የተቀዳ ነበር። ስለ ቀረጥ ስትናገር የማጨጃውን ዋጋ በቅቤና በእንቁላል እየመነዘረች ታሳይ ነበር። ስለዚህ ከአንዱ ክበብ ወደ ሌላው እየተጠራች በጥቂት ጊዜ ውስጥ ስሟ ታወቀ።

ሕጉም በሩን እየከፈተ ነበር። የኦንታሪዮ ሴቶች የመምረጥ መብት ያገኙት በ1917 ሲሆን፣ በመላው አገር ደረጃ ደግሞ በ1918 ተፈቀደ። ለመመረጥ የሚያስችለው መብት ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተከተለ። ሆኖም መብት በወረቀት መጻፉና አንድ የፓርቲ ጉባኤ ሴትን እጩ አድርጎ መሰየሙ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አሮጌዎቹ ፓርቲዎች የምርጫ ክልሎቻቸውን ለቆዩ ሰዎቻቸው አከፋፍለው ጨርሰዋል። አዲሱ እንቅስቃሴ ግን ገና ባለርስት አልነበረውም።

በመስከረም 1921 ደራም በተባለች ትንሽ ከተማ የደቡብ ምሥራቅ ግሬይ ተወካዮች እጩ ለመምረጥ ተሰበሰቡ። አግነስ ከአሥር ያህል ወንዶች ጋር ተወዳድራ ተመረጠች። ወሬው በአውራጃው ሲናኝ ግን ተቃውሞ ተነሣ። ሴትን ማቅረብ መቀመጫውን ለተቃዋሚ መስጠት ነው ያሉ የማኅበሩ አባላት ጭምር ቦታውን እንድትለቅ ግፊት አደረጉባት። እሷ ግን በጉባኤ የተሰጣትን አደራ ለወሬ አልመልስም ብላ ጸናች። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ የመረጧት ተወካዮች አብዛኞቹ ወንዶች መሆናቸው ነው። ለሴት ውለታ ለመዋል ሳይሆን፣ ከሁሉ ይልቅ ጉዳያችንን አውቃ ትናገርልናለች ብለው ነበር የመረጧት።

በቅስቀሳው ወቅት በበልግ ጭቃና በታኅሣሥ ብርድ ከመንደር ወደ መንደር ተዘዋወረች። የተናገረችውም ስለ ሴትነቷ ሳይሆን ስለ ቀረጥ፣ ስለ ኅብረት ሥራና ስለ ገጠሩ መራቆት ነበር። ታኅሣሥ 6 ቀን 1921 ምርጫው ሲካሄድ በመቀመጫው ላይ የነበረውን የኮንሰርቫቲቭ ተወካይ አሸነፈች። በመላ አገሪቱም ፕሮግሬሲቭ የተባለው የገበሬዎች አዲስ ፓርቲ ወደ 60 የሚጠጉ መቀመጫዎች አግኝቶ ከሊበራል ቀጥሎ ሁለተኛ ሆነ።

ከ235 አባላት አንዷ

በመጋቢት 1922 ፓርላማው ሲከፈት ከ235 አባላት መካከል ሴት እሷ ብቻ ነበረች፤ ሌላ ሴት እስክትመረጥም 14 ዓመት አለፈ። ጋዜጠኞች ከንግግሯ ይልቅ ስለ ልብሷና ባርኔጣ ስላለማድረጓ ይጽፉ ነበር። በፓርላማው ምግብ ቤት የሚያፈጡባት ሰዎች ስለበዙ ወደ ከተማው ወጥታ መመገብን መረጠች። የቀድሞዋ የመንደር አስተማሪ ክብደቷ እስኪቀንስ ድረስ እንደተጨነቀች ይነገራል። ሆኖም ቀስ በቀስ የምክር ቤቱን ሥነ ሥርዓት ተማረች፤ ሊያሾፍባት የተነሣ ሁሉ አጭርና ስለታም መልስ እንደሚጠብቀውም ተረዳ።

ከዚህ ይልቅ የከበደው ፈተና የመጣው ከራሷ ወገን ነበር። በኦንታሪዮ የድሩሪ መንግሥት ለድሆች እናቶች ድጎማ እንዲሰጥ፣ ለሴት ሠራተኞች ዝቅተኛ ደመወዝ እንዲወሰን አድርጓል። ይሁን እንጂ መንግሥት መሆን ገበሬውን ሒሳብ ከፋይ አደረገው። የአውራ ጎዳና ሥራው ተስፋፍቶ ወጪው ሲጨምር ገበሬው አጉረመረመ። የእኛን ሙያ በሚመለከትም አንድ ምሳሌ አለ። በናያጋራ ወንዝ ላይ በመሠራት ላይ የነበረው ታላቅ የውኃ ኃይል ጣቢያ ወጪ በመጀመሪያ ከተገመተው ብዙ እጥፍ ሆነ። ድሩሪ የኤሌክትሪክ ድርጅቱን ሥራ የሚመረምር ኮሚሽን አቋቋመ፤ ከድርጅቱ ኃያል ሊቀ መንበር ከአዳም ቤክም ጋር ተጣላ። ግምትና ወጪ ሲለያዩ መንግሥት እንደሚናወጥ መሐንዲስ ሁሉ ሊያስታውሰው የሚገባ ነገር ነው።

ከዚህም ሌላ መሪዎቹ በዋና ጉዳይ ተከፋፈሉ። ድሩሪ እንቅስቃሴው ከገበሬው ሌላ የከተማውንም ሕዝብ የሚያቅፍ ሰፊ ፓርቲ እንዲሆን ፈለገ። ሞሪሰን ደግሞ እንደዚያ ከሆነ አሮጌዎቹን ፓርቲዎች መምሰሉ አይቀርም፤ ተወካይ ለላኩት እንጂ ለፓርቲ አለቃ መታዘዝ የለበትም አለ። ክርክሩ ሳይቋጭ በ1923 በተደረገው ምርጫ የገበሬዎቹ መንግሥት ወደቀ።

በኦታዋም የሆነው ተመሳሳይ ነው። የፕሮግሬሲቭ አባላት አንድ በአንድ ወደ ሊበራል ፓርቲ ይሳቡ ጀመር። አግነስ ግን በ1924 ከጥቂት ጓደኞቿ ጋር ከቡድኑ ተለይታ፣ ከሠራተኞቹ ተወካይ ከጄ. ኤስ. ዉድስዎርዝ ጋር መሥራት ጀመረች። ይህ አነስተኛ ክፍል ምክር ቤቱን ስለሚያቃጥል የዝንጅብል ቡድን የሚል ስም ወጣለት። ከሊበራሎች ጋር መሄድ ሹመት ሊያስገኝ ይችል ነበር። በዝንጅብሉ ቡድን ውስጥ መቆየት ግን የሚሰጠው ጥቅም ቢኖር የመናገር ነፃነት ብቻ ነበር። ይህ ማለት ያለ ፍሬ ቀረ ማለት አይደለም። በ1927 ዕድሜያቸው ከ70 ዓመት በላይ ለሆኑ ችግረኞች በወር እስከ 20 ዶላር የሚሰጠው የመጀመሪያው የጡረታ ሕግ የወጣው ሊበራሎች የእነዚህ ጥቂት አባላት ድምፅ ስላስፈለጋቸው ነው። አግነስ የተሸከመችው ፓርቲ ቢቀልጥም፣ የምርጫ ክልሏ ሕዝብ በ1925፣ በ1926፣ በ1930ና በ1935 ደጋግሞ መረጣት።

ሄዶ ማየት

የአግነስ የሥራ ዘዴ ለእኛ ሙያ እንግዳ አይደለም። መሐንዲስ የቦታውን ሁኔታ ሳያይ መሠረት እንደማያወጣ፣ እሷም ያላየችውን ጉዳይ ለምክር ቤት አታቀርብም ነበር። በ1920ዎቹ አጋማሽ በምሥራቅ ካናዳ በኬፕ ብሬተን የድንጋይ ከሰል ሠራተኞች ደመወዛቸው ተቆርጦ፣ የኩባንያው ሱቅ ብድር ከልክሏቸው በረሃብ ላይ ሳሉ፣ የገበሬ ተወካይ የሆነችው አግነስ ወደ ግሌስ ቤይ ሄዳ ቤታቸውን ገብታ አየች። ተመልሳም ያየችውን ለምክር ቤቱ አስረዳች። ገበሬውና የማዕድን ሠራተኛው አንድ ዓይነት ሸክም እንደሚሸከሙ የተገነዘበችው ከዚያ ጉዞ ነው።

ከሁሉ የበለጠ የደከመችበት ግን የወህኒ ቤቶች ጉዳይ ነው። ከእስረኞችና ከቤተሰቦቻቸው የደረሳትን አቤቱታ ተከትላ በኦንታሪዮ የሚገኘውን የኪንግስተንን ወህኒ ቤት ለማየት ጠየቀች። ለሴት የተከለከለ ቦታ ነው ቢሏትም የመጣችው በፓርላማ አባልነቷ መሆኑን አስረድታ ገባች። ያየችውም ሥራ ፈትተው በጠባብ ክፍል የተዘጉ፣ እርስ በርሳቸው እንዳይነጋገሩ የታገዱ፣ በጥፋት ጊዜ በቆዳ መግረፊያ የሚገረፉ ሰዎችን ነበር። ሕመምተኛውና ጤነኛው፣ ወጣቱና ልምድ ያለው ወንጀለኛ አብረው ይታጎሩ ነበር። እስረኛው ከሚወጣበት ቀን በኋላ እንዴት እንደሚኖር የሚያስብ አልነበረም። ከ1920ዎቹ ጀምሮ እስረኞች ሠርተው እንዲከፈላቸውና ገቢው ለቤተሰባቸው እንዲተርፍ ሐሳብ ስታቀርብ ቆየች።

አብዛኞቹ አባላት ይህን የሴት ርኅራኄ ነው ብለው አቃለሉት። ይሁን እንጂ በጥቅምት 1932 በኪንግስተን ታላቅ ሁከት ተነሣ። ከሁከቱ በኋላም በክፍሉ ተዘግቶ ወደነበረው የኮሙኒስት መሪ ወደ ቲም በክ ጥይት መተኮሱ ተገለጠ። አግነስ ጉዳዩን ገለልተኛ አካል እንዲመረምረው አጥብቃ ጠየቀች። የወህኒ ቤቱ ሹማምንትና የፍትሕ ሚኒስቴሩ ቢቃወሟትም አልተወችም። በመጨረሻ በ1936 በዳኛ ጆሴፍ አርሻምቦ የሚመራ ንጉሣዊ አጣሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። ኮሚሽኑ በ1938 ባቀረበው ዘገባ 88 የማሻሻያ ሐሳቦችን አሰፈረ፤ የወህኒ ቤት ዓላማ ቅጣት ብቻ ሳይሆን ሰውን ማቅናት መሆን እንዳለበትም አረጋገጠ። የዓለም ጦርነት ሥራውን ቢያዘገየውም፣ ከጦርነቱ በኋላ የወህኒ ቤቶች አስተዳደር እንደ አዲስ ሲዋቀር መነሻ የሆነው ይኸው ዘገባ ነው። እስረኞች ለፓርላማ አባል የሚሰጡት ድምፅ አልነበራቸውም፤ የግሬይ ገበሬዎችም ጉዳዩ አይመለከታቸውም ነበር። ስለዚህ ይህን ሥራ ለድምፅ ብላ ሠራችው ሊባል አይችልም።

ጄኔቫና የሰላም ጥያቄ

አግነስ ጦርነትን የምትጠላ ሰው ነበረች። ለወጣቶች ወታደራዊ ትምህርት የሚመደበው ገንዘብ እንዲቀነስ በየጊዜው ትጠይቅ ነበር። በ1929 ወደ ዓለም መንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ከተላኩት የካናዳ ልዑካን አንዷ ስትሆን፣ ለዚህ ኃላፊነት የመጀመሪያዋ ካናዳዊት ነበረች። በጄኔቫ ለሴቶች ልዑካን በልማድ የሚሰጠው የሕፃናትና የማኅበራዊ ኑሮ ኮሚቴ ሲቀርብላት፣ ፈቃደኛ ሳትሆን በጦር መሣሪያ ቅነሳ ኮሚቴ ውስጥ ገባች።

ኢትዮጵያ በ1923 የገባችበትና ተስፋ የጣለችበት ማኅበር ይኸው ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1935፣ ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ስትወርር በጄኔቫ የካናዳ ተወካይ የነበረው ዋልተር ሪዴል የነዳጅ ዘይት በማዕቀቡ ውስጥ እንዲጨመር ሐሳብ አቀረበ። የገዛ መንግሥቱ ግን ሐሳቡ የተወካዩ እንጂ የካናዳ አይደለም ብሎ ካደው። ያ ማኅበር ጠንካራውን አገር ማስታገሥ ባለመቻሉ ያለቀው ሰላም ወዳዶች ሁሉ ባላሰቡት መንገድ ነው። አግነስም በ1939 ጦርነት ሲታወጅ፣ በሰላም አቋሙ ብቻውን ከቆመው ከአሮጌው ወዳጇ ከዉድስዎርዝ ጎን አልቆመችም። ለብዙ ዓመት የተናገረችለትን እምነት በፋሺዝም ፊት መመርመር ግድ ሆኖባት ነበር።

ሁለተኛው አዲስ ፓርቲ

በታላቁ የኤኮኖሚ ድቀት ጊዜ፣ በ1932፣ ገበሬዎችን፣ ሠራተኞችንና ሶሻሊስቶችን አንድ የሚያደርግ አዲስ ፓርቲ በካልጋሪ ተመሠረተ። ሲ. ሲ. ኤፍ. ተብሎ የሚታወቀው ይህ ፓርቲ በኦንታሪዮ ሲደራጅ አግነስ የክፍለ ሀገሩን ምክር ቤት በሊቀ መንበርነት መራች። ነገር ግን አንድነቱ ብዙ አልቆየም። ከኮሙኒስቶች ጋር በሚኖረው ግንኙነት ላይ ክርክር ተነሥቶ በ1934 የገበሬዎቹ ማኅበር ከፓርቲው ወጣ። አግነስም የላካትን ማኅበር ተከትላ ወጣች። በ1935 የተወዳደረችው በገበሬዎችና በሠራተኞች ስም ነበር።

በመጋቢት 1940 ምርጫው በከባድ የበረዶ ውሽንፍር ተካሄደ። የገጠሩ መንገድ ስለተዘጋ ደጋፊዎቿ ከየእርሻቸው ሊወጡ አልቻሉም፤ ከ18 ዓመት በላይ የያዘችውን መቀመጫ አጣች። በዚያው ዓመት በሳስካቱን በተደረገ የማሟያ ምርጫም ተሸነፈች። ሃምሳ ዓመት የሞላት፣ ባል ያላገባች፣ ጡረታ የሌላት ሴት ኑሮዋን እንደገና መጀመር ነበረባት። ቶሮንቶ ተቀምጣ ለጋዜጣ በመጻፍና ንግግር በማድረግ ኖረች።

ነገር ግን ከፖለቲካ አልራቀችም። ወደ ሲ. ሲ. ኤፍ. ተመልሳ በነሐሴ 1943 በክፍለ ሀገሩ ምርጫ ዮርክ ኢስት በተባለው የቶሮንቶ ዳርቻ ክልል ተወዳደረች። ፓርቲዋ 34 መቀመጫዎችን አግኝቶ፣ 38 ካገኘው ከኮንሰርቫቲቭ ቀጥሎ ዋናው ተቃዋሚ ሆነ። አግነስና ሬይ ላኮክ ወደ ኦንታሪዮ ምክር ቤት የገቡ የመጀመሪያዎቹ ሴቶች ሆኑ። ከእርሻ የወጣችው ሴት አሁን የምትወክለው የፋብሪካ ሠራተኞችን ነበር። በ1945 ፓርቲው ወደ 8 መቀመጫዎች ሲወርድ እሷም ወደቀች፤ በ1948 ተመለሰች፤ በ1951 ፓርቲው 2 መቀመጫ ብቻ ሲቀርለት ደግሞ ለመጨረሻ ጊዜ ተሸነፈች።

በዚህ ጊዜ ውስጥ ካነሣቻቸው ጉዳዮች ዋናው ለእኩል ሥራ እኩል ደመወዝ ነበር። በጦርነቱ ወቅት ሴቶች በወንዶች ቦታ ገብተው በመኪናው ላይ ያንኑ ሥራ እየሠሩ የሚከፈላቸው ግን ያነሰ ነበር። አግነስ ይህን እየደጋገመች አነሣች። በ1951 የኮንሰርቫቲቭ መንግሥት በካናዳ የመጀመሪያ የሆነውን የሴቶች ሠራተኞች ተገቢ ክፍያ ሕግ አወጣ። ሕጉ ደካማ ጎን ነበረው። የሚያገለግለው በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ አንድ ዓይነት ሥራ ለሚሠሩ ብቻ ሲሆን፣ አቤቱታ ማቅረብም ለሠራተኛዋ ተተወ። ቢሆንም ቀደም ሲል በሕግ ያልታወቀ መብት በሕግ ታወቀ። ሕጉን ያወጣው የተቃዋሚዎቿ መንግሥት ነው። የተቃዋሚ አባል ሥራ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ዘሩን ይዘራል፤ አዝመራውን ሌላው ይሰበስባል።

ፍጻሜ

አግነስ ማክፌይል የካቲት 13 ቀን 1954 በ63 ዓመቷ ቶሮንቶ ውስጥ ዐረፈች። የካናዳ የፓርላማ አባላት የጡረታ ሕግ የወጣው በ1952፣ እሷ ከፓርላማው ከወጣች ከ12 ዓመት በኋላ ነው። የአረጋውያንን ጡረታ ለማስፈቀድ ድምፅዋን የሰጠች ሰው የራሷን ጡረታ አላገኘችም። የካናዳ ብሔራዊ ባንክ በ2017 ባወጣው የመታሰቢያ የአሥር ዶላር ገንዘብ ላይ ግን ምስሏ ከአገሪቱ መሥራቾች ጋር ታትሟል።

የሕይወቷን ሒሳብ ስንመለከት ሁለቱ የተሳተፈችባቸው አዲስ ፓርቲዎች ዕጣቸው ተመሳሳይ ሆኖ እናገኘዋለን። የመጀመሪያው በአራት ዓመት ሥልጣን ደከመ። ሁለተኛው ኦንታሪዮን ሊገዛ ተቃርቦ ወደ ሁለት መቀመጫ ወረደ። ፓርቲ ይነሣል ይወድቃል። የገጠር ክበቦቹ ያስተማሩት ነገር ግን አልወደቀም። ከመናገር በፊት ሒሳብ መሥራትን፣ ከመፍረድ በፊት ሄዶ ማየትን፣ የተሰጠን አደራ ለላኪው መመለስን አግነስ የተማረችው በዚያ ነው፤ በገበሬዎች ስም ስትቆምም ሆነ ስለ እስረኞችና ስለ ሴት ሠራተኞች ስትናገር የተጠቀመችው በዚሁ ትምህርት ነበር።

ማኅበር የሚሰበሰበው ለመዋጮና ለምርጫ ብቻ ከመሰለን ከአባላቱ መካከል ነገ ማን እንደሚነሣ ልናውቅ አንችልም። በ1921 ደራም ላይ የተሰበሰቡት ገበሬዎች በበኩላቸው ታሪክ እንሠራለን ብለው አላሰቡም። ከፊታቸው ከቆሙት ሰዎች መካከል ሥራውን የሚያውቀው ማን እንደሆነ ጠየቁ፤ መልሱ አንዲት ወጣት አስተማሪ ሆነች፤ እነሱም መረጧት።